ጸናጽሉ ሲጠፋ ከበሮው ይቀራል
ነፍስ አትርፈው ጆሮ ስለሚያስከፍሉ መድኃኒቶች

የጎንደርን ማኅሌት ቆሞ የሰማ ሰው ሁለት ድምፆችን ይዞ ይወጣል። አንደኛው ከምድር የሚነሣ የሚመስለው የከበሮ ድምፅ ነው፤ ወፍራም፣ ደረት የሚመታ። ሁለተኛው ከላይ የሚንጠባጠብ የሚመስለው የጸናጽል ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ ረቂቅ። በአታ ላይ አቋቋም ተምሮ የተመሰከረለት መሪጌታ በየሀገሩ የሚፈለገው እነዚህን ሁለቱን ከዜማውና ከእንቅስቃሴው ጋር አስማምቶ መምራት ስለሚችል ነው።

አሁን ከዚህ ማኅሌት ላይ አንድ ሌባ ጸናጽሉን ብቻ ሰረቀ እንበል። ከበሮው አለ። የካህናቱ ወፍራም ድምፅ አለ። በሩቅ የቆመ ሰው ማኅሌቱ እንዳለ ይመስለዋል። ግን ቃሉ አይለይለትም፤ ዜማውም ጠርዙ ተሸርፏል።

ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በሰው ጆሮ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መድኃኒቱ ሚሊዮኖችን ከሞት አትርፏል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ዋጋውን ግን ብዙ ጊዜ ከጆሮ ይቀበላል። ዋጋ መክፈሉ ግድ ነው ተብሎ ሲነገር ስለኖረም፣ ስንት እንደሚከፈልና ቅናሽ ይኖረው እንደሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው።

የእነዚህን መድኃኒቶች ታሪክ ለሚያገላብጥ አንድ ነገር ይደጋገምበታል። ጉዳቱ የቀነሰው አንድ ሰው ስለለካው፣ ተጎጂውም ስለተናገረ ነው። ያልተለካው ጉዳት ዕጣ ፈንታ እየተባለ ቀረ። ጎንደር ደግሞ ይህን ታሪክ በሌላ በሽታ በኩል በራሷ ሆስፒታል አይታዋለች።

🔸 *ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው*

በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ፣ የአተር ፍሬ የሚያክል አካል አለ። በውስጡ ጫፋቸው ጸጉር የመሰለ 15,000 ያህል ሴሎች ተደርድረዋል። ድምፅ ሲገባ ይነቃነቃሉ፤ መነቃነቃቸው ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ተለውጦ ወደ አንጎል ይሄዳል። አደራደራቸው እንደ በገና አውታር በሥርዓት ነው። በመግቢያው በኩል ያሉት ቀጭኑን ድምፅ ይቀበላሉ፤ ወደ ውስጠኛው ጫፍ የተጠጉት ወፍራሙን።

ሲስፕላቲን በደም በኩል ወደዚህ አካል ሲደርስ መጀመሪያ የሚገድለው በመግቢያው ያሉትን ነው። መጠኑ በተጠራቀመ ቁጥር ጉዳቱ ወደ ውስጥ እየገፋ ይሄዳል። የዶሮና የዓሣ ጆሮ የሞተ ሴሉን መልሶ ያበቅላል። የሰው ጆሮ ግን አያበቅልም፤ የሄደው ሄደ።

ይህ በአማርኛ ንግግር ላይ ምን ያስከትላል? ሰፋ፣ ጠፋ፣ ተፋ፣ ከፋ የሚሉትን አራት ቃላት አንድ ሰው ከሌላ ክፍል ሆኖ ቢጠራቸው ልዩነታቸው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ አንድ ነው። አናባቢው ወፍራም ስለሆነ ይደርሳል፤ እንደ ሰ፣ ፈ፣ ተ፣ ሸ ያሉት ተነባቢዎች ግን ጉልበታቸው በቀጭኑ ድምፅ ላይ ስለሆነ ከመንገድ ይቀራሉ። ስለዚህ የተጎዳው ሰው «አልሰማም» አይልም። «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይልኝም» ነው የሚለው። ከዚያም አልፎ ሰዎች አፋቸውን ሞልተው አልናገር እንዳሉት፣ ልጆችም እያጉረመረሙ እንደሚያወሩት ይሰማዋል። በዚያ ላይ ሌሊት ሁሉም ጸጥ ሲል ጆሮው ውስጥ የሚጮኸው ጩኸት አለ፤ እንደ ፌንጣ፣ እንደ ፉጨት፣ የማያቋርጥ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ተረቱ የተነገረው ስለ ሐሜት ቢሆንም ለዚህም ልክ ነው። የዓይኑ ብርሃን የደከመ ሰው ወዲያው ያውቃል፤ የጆሮው የደከመ ግን ከሁሉ በኋላ የሚያውቅ እሱ ራሱ ነው። ስለዚህም ካልተለካ በቀር አይታወቅም።

🔸 *ከብረት የወጣ መድኃኒት*

የሲስፕላቲን ታሪክ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 ሚኬሌ ፔይሮኔ የተባለ ጣሊያናዊ ኬሚስት ከፕላቲኒየም ብረት አንድ ቢጫ ጨው ሠራ። ጨው ሆኖ ስሙም «የፔይሮኔ ጨው» ተብሎ ከመቶ ዓመት በላይ በየላቦራቶሪው ተቀመጠ። ለመድኃኒትነት ያሰበው አልነበረም።

በ1960ዎቹ አሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባርኔት ሮዘንበርግ የሚባል ተመራማሪ የኤሌክትሪክ ኃይል በባክቴሪያ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ያጠና ነበር። ባክቴሪያዎቹ ባሉበት ፈሳሽ ውስጥ የፕላቲኒየም ዘንጎች ነክሮ ኤሌክትሪክ ለቀቀ። ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል አቆሙ፤ መርዘም ግን አላቆሙም፤ ከመደበኛው እስከ 300 እጥፍ ረዘሙ። ሲመረመር ሥራው የኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከዘንጎቹ ጥቂት በጥቂት የሟሟው ፕላቲኒየም ሆኖ ተገኘ። ግኝቱ በ1965 ታተመ። መከፋፈልን የሚያቆም ነገር ካንሰርንም ያቆማል በሚል አይጥ ላይ ተሞከረ፤ ዕጢዎቹ መክሰማቸው በ1969 ተነገረ። የተረሳው የፔይሮኔ ጨው በመጨረሻ ሥራ አገኘ።

በ1974 ኢንዲያና ውስጥ ሎውረንስ አይንሆርን የተባለ ወጣት ሐኪም፣ የዘር ፍሬ ካንሰሩ ወደ ሳንባው ተዛምቶ ለሞት ለተቃረበው ጆን ክሌላንድ ይህንን መድኃኒት ከሌሎች ሁለት ጋር አቀናጅቶ ሰጠው። ክሌላንድ ዳነ። ከዚያ በፊት በሽታው ከተዛመተ በኋላ ከ10 ሰው አንድ ቢተርፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛው ይድን ጀመር። በታኅሣሥ 1978 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒቱን አጸደቀው። ዛሬ ለማህፀን በር፣ ለእንቁላል እጢ፣ ለሳንባ፣ ለራስና ለአንገት፣ ለሽንት ፊኛ እንዲሁም ለብዙ የሕፃናት ካንሰሮች ይሰጣል፤ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ።

🔸 *ኩላሊት ጠበቃ አገኘ፤ ጆሮስ?*

መጀመሪያ ላይ ሲስፕላቲን ሊጣል ነበር። ሦስት ነገሮች ከሰሱት።

አንደኛው ኩላሊት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የበሽተኞች ኩላሊት ስለተጎዳ ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ፈሩት። በ1970ዎቹ አጋማሽ መፍትሔው ተገኘ፤ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ መስጠትና ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት መጨመር። ዛሬ በየትኛውም የካንሰር ክፍል ሲስፕላቲን የሚወስድ ሰው ጎን የጉሉኮስና የጨው ውኃ ከረጢት ተንጠልጥሎ የሚታየው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

ሁለተኛው ትውከት ነው። አንጀት እስኪበጠስ ያስመልሳል። ሕክምናውን ጥለው የሚሄዱ በዙ። በ1991 ኦንዳንሴትሮን የሚባለው ማስታወክ የሚከለክል መድኃኒት ጸደቀና ነገሩ ተለወጠ።

ሦስተኛው ጆሮ ነው። እሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ግን የኩላሊት ጉዳት በደም ምርመራ ይታያል፣ ይገድላልም፤ ትውከት ክፍሉን ያውካል፣ ነርሷን ያስሮጣል። ጆሮ ግን አይገድልም፣ አያውክም። በሽተኛው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ከሆስፒታሉ ይወጣና ዝምታውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ኩላሊት ጠበቃ አገኘ፣ ሆድ ጠበቃ አገኘ፤ ጆሮ ለአርባ ዓመታት ያህል ጠበቃ አጣ።

ዘግይቶም ቢሆን ልኬቱ መጣ። በ2016 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በሲስፕላቲን ከዘር ፍሬ ካንሰር የዳኑ 488 ወንዶችን ጆሮ በጥንቃቄ ለካ። ከ100 ሰው 80ው በተወሰነ መጠን የመስማት ጉድለት ነበረበት፤ 18ቱ ጉዳታቸው ከባድ ወይም እጅግ ከባድ ሆኖ ተገኘ። 40 ያህሉ የጆሮ ጩኸት ነበረባቸው። እነዚህ በሽምግልና የደከሙ ሰዎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ በጉልምስና ዕድሜ ላይ የነበሩ ናቸው። በ2017 ደግሞ ሌላ ጥናት ምክንያቱን አንድ እርምጃ ወደፊት ገፋ፤ መድኃኒቱ ከሌላው የሰውነት ክፍል በቀናትና በሳምንታት ሲወጣ በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ግን ለወራት፣ ለዓመታትም ይቀመጣል። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤት ይሆናል።

በሕፃናት ላይ ደግሞ ይከፋል። አንድ ትልቅ ሰው ቃሉ ቢጎድልበት ከልምዱ ይሞላዋል። አፉን ያልፈታ ሕፃን ግን የጎደለውን ከየት አምጥቶ ይሞላል? ቃሉን ሳያውቀው ነው የሚያጣው። ከካንሰር የዳነ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ «ልቡ የለም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ሆኖ የመምህሩ ሰ እና ፈ ስላልደረሱት ነው።

🔸 *ጎንደር ይህን ታሪክ ታውቀዋለች*

ነፍስ አትርፎ ጆሮ የወሰደ መድኃኒት ሲስፕላቲን የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 አልበርት ሻትዝ የተባለ ወጣት በሴልማን ዋክስማን ላቦራቶሪ ውስጥ ከአፈር ተሕዋስያን ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ። የሳንባ ነቀርሳን የሚያሸንፍ የመጀመሪያው መድኃኒት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን መርፌውን የወሰዱ በሽተኞች ሲያዞራቸውና ሚዛን ሲስቱ፣ ጆሯቸውም ሲደክም ታየ። ጉዳቱን ይቀንሳል በሚል ተስፋ ዳይሃይድሮስትሬፕቶማይሲን የሚባል ዘመዱ ተሠራ። ይኼኛው ሚዛንን ማረ፤ መስማትን ግን ይባስ ብሎ ወሰደ፤ አንዳንዱንም ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላ። በ1957 ከጃፓን ካናማይሲን መጣ፤ እሱም የዚያው ቤተሰብ ነው።

ጎንደር በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት። በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ዓላማው ሐኪም በማይደርስበት ገጠር የሚደርሱ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። በ1978 ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ዶክተሮችን ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሰሜኑ ደጋና የቆላው በሽተኛ መጨረሻ መድረሻ ነው።

መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በኢትዮጵያ በ2009 በአዲስ አበባው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር፣ ሁለተኛው ጎንደር ሆነ፤ በ2010። በሁለቱ ሆስፒታሎች እስከ 2014 የታከሙ ከ600 በላይ ሕሙማን ውጤት ሲታተም ከ100ው 79 ያህሉ ተሳክቶላቸዋል፤ በዚያን ጊዜ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከሚመዘገበው እጅግ የተሻለ ነበር። ይህ የኢትዮጵያ ሐኪሞችና ነርሶች የሚኮሩበት ሥራ ነው።

ግን በዚያ ዘመን ሕክምናው መርፌ ነበረበት። ካናማይሲን፣ አሚካሲን ወይም ካፕሪዮማይሲን፤ ለስምንት ወር ያህል። መርፌው በዓለም ዙሪያ ጆሮ ይወስድ ነበር። «ከመሞት መሰንበት» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሐኪሙም በሽተኛውም ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

ምርጫው የመጣው እንዴት ነው? በ2012 ቤዳኩዊሊን የሚባል ክኒን ጸደቀ፤ ግን ለዓመታት የመጨረሻ አማራጭ ብቻ ሆኖ ቆየ። ከዚያ በኋላ የደነቆሩት ተናገሩ። ከኬፕታውን ካየሊትሻ የመጣችው ፉሜዛ ቲሲሌ በ2010 ታማ በመርፌው ጆሮዋን አጣች፤ ከበሽታዋ ግን ዳነች። ከዚያ በየመድረኩ ቆማ «ዳንሁ፣ ግን በምን ዋጋ?» የሚለውን ጥያቄ አነሣች። በሕንድ ናንዲታ ቬንካቴሳን በተመሳሳይ መንገድ መስማት ያቃታት ወጣት ነበረች። ሁለቱ አብረው የቤዳኩዊሊን ባለቤትነት መብት እንዳይራዘም በሕንድ የፓተንት ቢሮ ተቃውሞ አቀረቡ፤ በ2023 ቢሮው የኩባንያውን ጥያቄ ውድቅ አደረገ። የሁለት መስማት የተሳናቸው ሴቶች ድምፅ ከአንድ ግዙፍ ኩባንያ ድምፅ በልጦ ተሰማ።

በመካከሉ በ2018 ደቡብ አፍሪካ መርፌውን በክኒኑ ለመተካት ወሰነች። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ከሕክምናው እንዲወጡ መከረ። ከሰባ ዓመት በላይ «ግድ ነው» ሲባል የኖረው ጉዳት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግድ አለመሆኑ ታወቀ። ለውጡን ያመጣው ክኒኑ ብቻ አይደለም፤ የጆሮ ልኬት መደረጉና የተጎዱት ዝም አለማለታቸው ነው።

🔸 *ከመካነ ብርሃን እስከ ጎንደር*

አሁን ይኸው ጥያቄ ከነቀርሳው ክፍል ወደ ካንሰሩ ክፍል ተሻግሯል።

ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ አንድ የጨረር ሕክምና ማዕከል ብቻ ነበራት፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረው የጥቁር አንበሳ። ባለፉት ዓመታት የካንሰር ሕክምና ወደ ክልሎች መውጣት ጀምሯል፤ በጎንደርም ኬሞቴራፒ ይሰጣል። ይህ ትልቅ እመርታ ነው። መድኃኒቱ ለሰው ሲቀርብ ግን ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው ጉዳትም ይቀርባል። የመድኃኒቱን መምጣት ሁሉም ያወራል፤ የጉዳቱን መለኪያ ግን ማን አመጣ?

የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። በ1999 ሲስፕላቲንን ከጨረር ጋር አብሮ መስጠት ብዙ ሴቶችን እንደሚያተርፍ ከታወቀ ወዲህ በየሳምንቱ፣ ለአምስት ስድስት ሳምንት መስጠት የተለመደ ሕክምና ሆኗል። ስለዚህ የሲስፕላቲን ጉዳይ የሩቅ ሀገር ጉዳይ አይደለም። የእናቶች ጉዳይ ነው።

መካነ ብርሃን የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከዚህች ወረዳ ደራስጌ ማርያም ውስጥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጭነዋል። ታሪኳ ትልቅ ነው፤ መንገዷ ግን ከባድ ነው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጎንደር የምትመጣ እናት መጀመሪያ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የቧሂትን መተላለፊያ ተሻግራ፣ በሰሜን ተራሮች ፓርክ በኩል ደባርቅ ትደርሳለች። ከደባርቅ ጎንደር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለጨረር አዲስ አበባ ከተባለች ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨመርባታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ቀጠሮ ያልፋል።

እንዲህ ያለች እናት ያንን ሁሉ አልፋ፣ በሬ ተሸጦ፣ ዘመድ ቤት ከርማ፣ ሕክምናዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ ስትመለስ ጎረቤት እልል ይላል። ወራት ሲያልፉ ግን ከጓዳ ሆና የልጇን ጥሪ አትሰማም። ስልክ ሲጮህ አታነሣም። ቡና ላይ ሰው ሲስቅ ለምን እንደሳቀ ሳታውቅ አብራ ትስቃለች። ከዚያ መሳቁም ይሰለቻትና ቡናውን ትተዋለች። እድሩንም፣ የማርያም ማኅበሯንም ትቀራለች። ቤተሰቡ «ሕመሙ መንፈሷን ጎድቶት ነው»፣ «ኩሩ ሆነች»፣ ሲብስም «ነክቷት ይሆናል» ይላል። ጆሮዋ መሆኑን የሚያስብ የለም፤ ምክንያቱም በሩን ስትጢጥ ቢያደርጉት አትሰማም፣ የከበሮ ድምፅ ግን ትሰማለች። ለቤተሰቡ ይህ «እየመረጠች መስማት» ነው።

ይህ አንዲት የታወቀች ሴት ታሪክ አይደለም። ቀጭኑን ድምፅ ያጣ ሰው በየትም ሀገር የሚያልፍበት መንገድ ነው። በሰሜን ደጋ ግን አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ እዚህ ኑሮ የሚሄደው በቃል ነው። ዜማ በጆሮ ይወረሳል፤ ቅኔ ከመምህር አፍ ይቀዳል፤ ሽምግልናም፣ ልቅሶም፣ ምርቃትም በቃል ነው። የዓይኑን ብርሃን ያጣ ተማሪ በዚህ ሀገር የዜማ መምህር መሆን ይችላል፤ ሆነውም ታይተዋል። ጆሮውን ላጣ ግን የሚተካለት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በቤቱ የለም።

🔸 *የፎቶ ቤቱ ጨው*

መፍትሔ የለም? ሙሉ መፍትሔ የለም፤ ግን ከዜሮ የሚሻል ብዙ አለ።

የድሮ ፎቶ ቤት የሠራ ሰው «ሃይፖ»ን ያውቃል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶውን የሚያጸና ጨው ነው፤ ስሙ ሶዲየም ቲዮሰልፌት። የብር ጨዎችን እንደሚያሟሟ እንግሊዛዊው ጆን ሄርሸል በ1819 ነው ያወቀው። ይኸው ጨው ፕላቲኒየምንም አጥብቆ ይይዛል። ሐኪሞች ሐሳቡን እንዲህ ቀመሩት፦ ሲስፕላቲን ይሰጥ፤ ካንሰሩ ላይ ሥራውን እንዲሠራ ስድስት ሰዓት ይተው፤ ከዚያ ጨው በደም ሥር ገብቶ ትርፉን ይያዝ።

በ2018 የታተመ ሙከራ የጉበት ካንሰር ያለባቸውን 109 ሕፃናት ያሳተፈ ነበር። ሲስፕላቲን ብቻ ከወሰዱት ከ100ው 63ቱ የመስማት ጉዳት ሲደርስባቸው፣ ጨውን ከጨመሩት ግን 33ቱ ብቻ ተጎዱ። በሕይወት የመትረፋቸው ነገር አልቀነሰም። በመስከረም 2022 የአሜሪካው ባለሥልጣን ካንሰራቸው ላልተዛመተ ሕፃናት አጸደቀው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለ። አንደኛ፣ ካንሰሩ በተዛመተባቸው ልጆች ላይ በሌላ ጥናት የመትረፍ ዕድል ዝቅ ብሎ ታይቷል፤ ስለዚህ ለሁሉም አይሰጥም፣ ለአዋቂዎችም አልጸደቀም። በሐኪም እጅ፣ በሰዓቱ፣ ለሕክምና ተብሎ ከተዘጋጀው እንጂ ከፎቶ ቤት አይቀዳም። ሁለተኛ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የታወቀውና በርካሽ ሲሸጥ የኖረው ጨው የጸደቀ መድኃኒት ሆኖ ሲቀርብ ዋጋው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሆነ። የቤዳኩዊሊን ክርክር በዚህም ላይ መነሣቱ አይቀርም። መነሣትም አለበት።

🔸 *ገንዘብ የማይጠይቀው ሥራ*

«መድኃኒቱ ራሱ በማይገኝበት ሀገር ስለ ጆሮ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኬሞው በወቅቱ ሳይገኝ ሲቀር፣ የጨረር ወረፋ ሲረዝም፣ ሐኪሙ መጀመሪያ ነፍስ ላድን ቢል ማንም አይፈርድበትም። ግን ስለ ነቀርሳው መርፌም የተባለው ይኸው ነበር፤ ስለ ሲስፕላቲን ኩላሊትም። ነፍስ ማዳንና አካል ማዳን የተጣሉበት ጊዜ የለም፤ የተጣሉ የመሰሉት ያልተለካ ጊዜ ነው።

ደግሞም የሚጠየቀው ሁሉ ውድ አይደለም።

አንደኛ፣ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ጆሮ ይለካ። በፊት ምን እንደነበረ ካልታወቀ በኋላ ምን እንደጠፋ አይታወቅም። መለኪያው በሌለበት እንኳ በየዙሩ «ጆሮሽ ይጮሃል? ቃል ይለይልሻል?» ብሎ ጠይቆ ካርድ ላይ መጻፍ ብዕር ብቻ ነው የሚፈልገው። ጥያቄው ለበሽተኛዋ ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚዋም ይቅረብ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና።

ሁለተኛ፣ ጉዳት አይደራረብ። በኬሞ ላይ ያለ ሰው ኢንፌክሽን ሲይዘው በቅርብ የሚገኘው ርካሽ መርፌ ብዙ ጊዜ ጄንታማይሲን ነው። እሱም የስትሬፕቶማይሲን ቤተሰብ ነው፤ ከሲስፕላቲን ጋር ሲገናኝ ጆሮ ላይ ሁለት ሌባ ማለት ነው። ሌላ አማራጭ ካለ ሌላው ይሰጥ። ስለዚህ ታካሚዋ ወረዳዋ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ምን መድኃኒት እንደወሰደች የሚናገር ወረቀት በእጇ ይኑር።

ሦስተኛ፣ ጉዳት መጀመሩ ከታወቀ ሐኪሙ መጠኑን ማስተካከል ወይም ጆሮን በእጅጉ በሚምረው ካርቦፕላቲን መተካት ይችል እንደሆነ ያያል። በሁሉም ካንሰር አይቻልም፤ አንዳንዱ ካንሰር ከሲስፕላቲን ውጭ አይበገርም። ግን የሚቻልበትን ለማወቅ መጀመሪያ ጉዳቱ መታወቅ አለበት።

አራተኛ፣ ለበሽተኛዋ ይነገራት። «ጆሮሽ ሊደክም ይችላል» የተባለች ሴት ቤቷ ገብታ ስትቸገር እብድ እንዳልሆነች ታውቃለች። ቤተሰቧም ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ አፉን እያሳየ፣ ቀስ ብሎ መናገርን ይማራል። ይህ ምንም ዋጋ የለውም፤ ግን አንዲትን እናት ወደ ቡናዋና ወደ ማኅበሯ ሊመልሳት ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ሲስፕላቲኑን ራሱን አለማስፈለግ ነው። ኢትዮጵያ በ2018 መጨረሻ ለልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ከካንሰር በተጨማሪ ጆሮንም ይጠብቃል። የመካነ ብርሃን ልጅ ዛሬ ክትባቱን ካገኘች የእናቷን መንገድ አትሄድም።

ነቀርሳው ክፍል ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ተምሮታል። ዋጋውን የከፈሉት ድነው ያልሰሙት ሰዎች ናቸው። የካንሰሩ ክፍል ትምህርቱን እንደ አዲስ፣ በሌሎች ሰዎች ጆሮ መክፈል አይጠበቅበትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው፤ ይህኛውን በሽታ ግን የደበቀው በሽተኛው አይደለም። ማንም አልጠየቀውም።

ማኅሌቱ ላይ ከበሮው ስለሚመታ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ጸናጽሉ አለ ወይ ብሎ የሚያዳምጥ አንድ ሰው ያስፈልጋል።